ሬይክያቪክ 1972፦ ፊሸር ስፓስኪን በገዛ ምሽጉ የገጠመበት ስድስተኛው ጨዋታ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1972፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እሑድ ሐምሌ 16 ቀን 1964፣ በአይስላንድ ርእሰ ከተማ በሬይክያቪክ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮና ግጥሚያ ስድስተኛ ጨዋታ ሲጀመር አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በነጭ ጠጠሮች በኩል ተቀምጦ ነበር። አዳራሹን የሞላው ተመልካች ከእርሱ የሚጠብቀው አንድ ርምጃ ብቻ ነው፤ ከንጉሡ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ወደ ፊት ሲገፋ ማየት። ፊሸር ከልጅነቱ ጀምሮ በነጭ በተጫወተ ቁጥር፣ ከጥቂት ጊዜያት በቀር፣ ሲከፍት የኖረው በዚሁ ርምጃ ነው። ከሌሎች ሁሉ የሚበልጥ መሆኑንም በጽሑፍ መስክሮለታል። በዚያ ዕለት ግን እጁ የንጉሡን ወታደር አልፎ ሄደ። ከግራው በኩል ሦስተኛውን ወታደር አንሥቶ ሁለት ቤት ገፋው፤ በቼዝ አጻጻፍ ሲ4 የሚባለውን ርምጃ ተጫወተ።

ቼዝን ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ አንዱ ወታደር ቀረ፣ ሌላው ሄደ። ለሚያውቁት ግን የመጀመሪያው ርምጃ የተጫዋች መታወቂያ ነው። ተጋጣሚ ለወራት የሚያጠናው፣ ረዳቶቹም ሌሊቱን ሙሉ ሲመረምሩ የሚያድሩት እርሱን ነውና። ፊሸር እንዲህ ባለ ሰዓት መታወቂያውን መለወጡ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደነበረ ለመረዳት ግጥሚያው እስከዚያች ዕለት ያለፈበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከ1948 ጀምሮ የዓለም የቼዝ ዘውድ ከሶቪየት ኅብረት እጅ ወጥቶ አያውቅም ነበር። የ35 ዓመቱ ሻምፒዮን ቦሪስ ስፓስኪ ከሬይክያቪክ በፊት ከፊሸር ጋር ባደረጋቸው አምስት ጨዋታዎች ሦስቱን አሸንፎ በሁለቱ አቻ ወጥቷል። የ29 ዓመቱ ፊሸር አንድም ጊዜ አሸንፎት አያውቅም። ከዚህም በላይ ፈታኙ ወደ ግጥሚያው ስፍራ የመጣው በልመና ነው ማለት ይቻላል። በገንዘብና በውድድሩ ሁኔታዎች ላይ ባነሣው ጥያቄ ሳቢያ ጉዞው ሲዘገይ እንግሊዛዊው ባለሀብት ጂም ስሌተር 125 ሺህ ዶላር የነበረውን ሽልማት እጥፍ አደረገው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ሄንሪ ኪሲንጀርም ስልክ ደውለው እንዲሄድ ገፋፉት። ስለ ቀዝቃዛው ጦርነትና ስለዚህ ግጥሚያ እጅግ ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈውም የሚበዛው ስለ ካሜራዎች፣ ስለ ወንበሮችና ስለ ፖለቲካ እንጂ በሰሌዳው ላይ ስለሆነው ነገር አለመሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ፊሸር የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈ። ካሜራዎቹ እንዲነሡለት ጠይቆ ፈቃዱ ስላልተፈጸመ ለሁለተኛው ጨዋታ ሳይቀርብ ቀረ፤ ነጥቡም ለስፓስኪ ተሰጠ። ሁለት ለዜሮ። ሻምፒዮኑ በ24 ጨዋታዎች 12 ነጥብ ብቻ ካገኘ ዘውዱን ስለሚያስጠብቅ ብዙዎች ግጥሚያው እዚያው እንዳከተመ ገምተው ነበር። ሦስተኛው ጨዋታ በፊሸር ጥያቄና በስፓስኪ ፈቃድ ከተመልካች ርቆ በአዳራሹ ጀርባ በምትገኝ ክፍል ውስጥ ተካሄደ። በዚያች ክፍል ፊሸር ስፓስኪን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈው። አራተኛው አቻ ተጠናቀቀ፤ አምስተኛውን ፊሸር ወሰደ። ስድስተኛው ሲጀመር ሁለቱም እኩል ሁለት ተኩል ነጥብ ነበራቸው። ግጥሚያው እንደ አዲስ የሚጀመርባት ቀን ነበረች ማለት ነው።

በቼዝ የጨዋታው መክፈቻ ይህን ያህል ክብደት ያገኘው ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው በዚሁ በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። በአባሲዶች ዘመን በባግዳድ ይጫወቱት የነበረው ሸጥረንጅ ከዛሬው ቼዝ ዘገምተኛ ነበር። ዛሬ በሰሌዳው ላይ ከሁሉ የምትበረታው ንግሥት በዚያ ዘመን «ፈርዝ» የሚባል አማካሪ ነበረች፤ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ትሄዳለች። ጳጳስ የሚባለው ጠጠር በአረብኛ እስከ ዛሬ «ፊል»፣ ማለትም ዝሆን ነው፤ ያን ጊዜ የሚሄደው በሰያፍ ሁለት ቤት እየዘለለ ነበር። ወታደሮችም ከአንዲት ቤት በላይ አይገፉም። ስለዚህ ሁለቱ ሠራዊቶች እስኪገናኙ ድረስ ብዙ ርምጃ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ጊዜ ደግሞ ለጥበብ ክፍት ሆነ። ሊቃውንቱ ሠራዊትን ለጦርነት ማሰለፍ የሚል ትርጉም ባለው የአረብኛ ቃል «ተዕቢያ» እያሉ የሚጠሯቸውን የአሰላለፍ ዓይነቶች አጥንተው ስም አወጡላቸው። አንዱ «ሙጀነሕ»፣ ባለ ክንፉ፣ ተባለ፤ ሌላው «ሰያል»፣ እንደ ጎርፍ የሚፈስሰው።

በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አል-ዐድሊ በዚህ ጨዋታ ላይ መጽሐፍ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጣውና በኸሊፋው አል-ሙክተፊ ቤተ መንግሥት የገነነው አቡ በክር አስ-ሱሊ የአል-ዐድሊን ሥራ እየተቸ የራሱን አዘጋጀ። የሰሌዳው ሕግ ከተለወጠ አምስት መቶ ዓመት አልፎም ቃሉ አልሞተም። በዛሬው ዘመን የሞስኮም ሆነ የኒውዮርክ ግራንድማስተር ብዙ ጊዜ የተጎበኘችን የመክፈቻ አቋም «ታቢያ» ብሎ ነው የሚጠራት።

ጨዋታው ወደ ኢትዮጵያም ተሻግሮ ሰንጠረዥ የሚል ስም ይዟል። ዛሬ በቢሮ ቋንቋ በዓምድና በረድፍ የተከፋፈለ ዝርዝርን «ሰንጠረዥ» የሚል ሁሉ፣ ሳያውቀው የሸጥረንጅን ስም ይጠራል። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ ግን ከባግዳዱም ከአውሮፓውም የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው፤ ያም መክፈቻው ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም። አንዱ ጠጠር እስኪበላ ድረስ እያንዳንዱ እንደ ፍጥነቱ፣ የሌላውን እጅ እያየና የራሱን አሰላለፍ እያፈረሰ እንደገና እየሠራ፣ የፈለገውን ያህል ርምጃ ይጫወታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ የኖረው የብሪታንያ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ይህንኑ በመገረም ጽፏል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሰፊ ጥናት ያሳተሙት በ1971 ነው፤ ከሬይክያቪኩ ግጥሚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ።

አውሮፓ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ፈርዝን ወደ ንግሥት ለውጦ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እንድታቋርጥ ፈቀደላት፤ ለፊሉም የሰያፉን መንገድ በሙሉ ከፈተለት። ከዚያ ወዲህ ሠራዊትን ተዝናንቶ ማሰለፍ ቀረ። በአምስተኛው ርምጃ የሚሠራ ስሕተት በሠላሳኛው የሚያስቀጣ ሆነ። ለመክፈቻዎች ስም ማውጣት፣ መጻሕፍት መጻፍና በቃል ማጥናት የዘመናዊ ተጫዋች ግማሽ ኑሮ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ሬይክያቪክ ስንመለስ፣ የፊሸር ሲ4 ብቻዋን ገና ምንም አልተናገረችም ነበር። ስፓስኪ የንጉሡን ወታደር አንዲት ቤት ገፍቶ መለሰ። ፊሸር ፈረሱን አወጣ፤ ስፓስኪ መሐሉን በወታደር ያዘ። በሦስተኛው ርምጃ ፊሸር የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት ሲገፋ ነገሩ ተገለጠ። ጨዋታው በጎን በር ገብቶ «ኩዊንስ ጋምቢት» ከሚባለው ጥንታዊ መክፈቻ ላይ ደርሷል። በዚህ መክፈቻ ነጭ የጎን ወታደሩን ለመበላት ያቀርባል፤ ጥቁር ግብዣውን ሳይቀበል መሐሉን አጥብቆ ይይዛል። ፊሸር በነጭ ጠጠሮች በዚህ ጎዳና ይሄዳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ስፓስኪ ግን መንገዱን እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀዋል። በሰባተኛው ርምጃ ከንግሥቲቱ በስተግራ ካሉት ወታደሮች አንዱን በአንዲት ቤት በመግፋት የታርታኮወርን መከላከያ መረጠ። ኩዊንስ ጋምቢትን የማይቀበል ጥቁር ተጫዋች አንድ የቆየ ችግር አለበት፤ አንደኛው ጳጳሱ በገዛ ወታደሮቹ ተከብቦ ይቀመጣል። ታርታኮወር ያሳየው መላ ለዚህ ጳጳስ በጎን በኩል መውጫ መክፈት ነው። በሶቪየት ኅብረት ይህ መከላከያ የታርታኮወርን ብቻ ሳይሆን የማኮጎኖቭንና የቦንዳሬቭስኪን ስምም ይዞ ይጠራል። ኢጎር ቦንዳሬቭስኪ ደግሞ ስፓስኪን ለዓመታት አሠልጥኖ በ1969 ለዘውድ ያበቃው ሰው ነው። ፊሸር የገባው ተጋጣሚው ከገዛ መምህሩ ወደ ተማረው ምሽግ ነበር።

ፊሸር ምሽጉን በጩኸት አልደበደበውም። በመሐል ሰሌዳ ወታደሮችን ተለዋወጠ፣ ከዚያም ጳጳስ በጳጳስ፣ ፈረስ በፈረስ። በአሥረኛው ርምጃ ላይ ሰሌዳው ቀለል ብሎ ነበር፤ የጥቁር አንድ ወታደር ግን በመሐል ቦታ ተተክሎ ቀርቷል። በጎን መውጫ የተከፈተለት ጳጳስ በዚያ በኩል ቢወጣ የሚጋፈጠው የራሱን ወታደር ስለሆነ ወደ ሌላ ቤት ሄደ። መውጫው ተከፍቶ ሳይወጣበት ቀረ ማለት ነው። ስፓስኪ የጎን ወታደሩን ገፍቶ ሁለቱን አጎራባች ወታደሮች በመሐል አቆማቸው። እንዲህ ያሉ ሁለት ወታደሮች የቼዝ አዋቂዎችን ዘወትር ያከራክራሉ። መሄድ እስከቻሉ ድረስ አስፈሪ ናቸው፤ ከቆሙ ደግሞ ሸክም ይሆናሉ።

ፊሸር እንዲቆሙ አደረገ። ንግሥቱን ወደ ግራው ዳርቻ አውጥቶ በአሥራ ሦስተኛው ርምጃ ኤ3 በምትባለው ቤት አስቀመጣት። ከዚያች ቤት በሰያፍ ስትመለከት ከፊቷ የስፓስኪን ወታደር፣ ከወታደሩ ኋላ ደግሞ የስፓስኪን ንግሥት ታያለች። ወታደሩ ንቅንቅ ካለ ንግሥቱ ትጋለጣለች። ቀጥሎ ጳጳሱን ቢ5 ላይ አኖረው። ይህ የፊሸር ግኝት አልነበረም። የሌኒንግራዱ ግራንድማስተር ሴምዮን ፉርማን በ1970 በየፊም ጌለር ላይ ተጫውቶታል። ጌለር ደግሞ በሬይክያቪክ የስፓስኪ ረዳት ሆኖ በአዳራሹ ውስጥ ነበር። ፊሸር ሩሲያኛ የሚያነብ፣ የሶቪየት የቼዝ መጽሔቶችን የሚያሳድድ ሰው እንደነበር ይታወቃል። ፈታኙ የሻምፒዮኑን አገር ጽሑፍ ከሻምፒዮኑ በተሻለ አንብቦ መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአሥራ ስምንተኛው ርምጃ የነጭ ፈረስ በጥቁር ወታደር አፍ ውስጥ ዘልሎ ገባ። ወታደሩ ሊበላው አልቻለም፤ ቢበላው ንግሥቱን ያጣል። ፈረሱ ቀጥሎ ያንን መውጫ ያጣውን ጳጳስ በላና በምላሹ ተበላ። የስፓስኪ ወታደሮች ተበታትነው፣ ጠባቂ ጳጳስም አጥተው ቀሩ። በሃያኛው ርምጃ ፊሸር የንጉሡን ወታደር ወደ መሐል ገፋ። ሲጀምር የተወውን ያንኑ ወታደር! ስፓስኪ ወታደሩን አሳልፎ ወደ ፊት ሰደደ፤ የመሐሉ በር ተዘጋ። ብዙ ተንታኞች ጨዋታው የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው ይላሉ። ከዚህ በኋላ የጥቁር ወታደሮች ማንንም አያሰጉም፤ የነጭ ጳጳስ ግን ወደ ጥቁር ንጉሥ አቅጣጫ የሚያይ ረጅም ሰያፍ መንገድ አገኘ።

የቀረው በአዳራሹ ለነበሩት የመጠበቅ ሥራ ነበር። ፊሸር በንጉሡ በኩል ያሉትን ወታደሮች እንደ ማዕበል አስነሣ፤ ግንቦቹን በአንድ ዓምድ ላይ ደረደረ፤ አንዱን ወታደር በጥቁር ሰፈር መካከል፣ ኢ6 ላይ፣ እንደ ችካል ተከለው። ንግሥቱ መሐል ሰሌዳ ላይ ቆማ ሁሉንም ትመለከታለች። የስፓስኪ ፈረስ በንጉሡ አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት ታፍኖ ተቀምጧል። ከሠላሳ ሁለተኛው እስከ ሠላሳ ስድስተኛው ርምጃ ድረስ የዓለም ሻምፒዮን ንግሥቱን ከአንዲት ቤት ወደ ጎረቤቷ፣ ከዚያም መልሶ ወደ መጀመሪያዪቱ ሲያመላልስ ታየ። ሌላ የሚጫወተው ርምጃ አልነበረውም። ፊሸር በዚያ ጊዜ ሁሉ አልቸኮለም፤ የዳርቻ ወታደሩን ገፋ፣ ግንቡን አንድ ቤት ከፍ አደረገ፣ ጳጳሱን አሸጋገረ። የግጥሚያው ሁሉ ጨካኝ ሰዓት ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

በሠላሳ ሰባተኛው ርምጃ ፈረሱ ከታፈነበት ሊወጣ ሞከረ። ፊሸር ከፈረስ የሚበልጠውን ግንብ ሰጥቶ በላው። ንጉሡን የሸፈነው የወታደሮች ግድግዳ ፈረሰ፤ ሁለተኛውም ግንብ ተከትሎ ገባ። በአርባ አንደኛው ርምጃ የነጭ ንግሥት ወደ ጥቃቱ ስትዞር ስፓስኪ እጅ ሰጠ።

ተመልካቹ ማጨብጨብ ጀመረ። ያኔ ነው በቼዝ ታሪክ እምብዛም ያልታየው ነገር የሆነው። የተሸነፈው ሻምፒዮን ስፓስኪ ከሕዝቡ ጋር ለአሸናፊው አጨበጨበ። ሞስኮ የምትጠብቅበትን ሸክም ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ድርጊት አይደለም። ከዚያች ሰዓት በፊት ስለ ካሜራው ድምፅ፣ ስለ መብራቱና ስለ ወንበሩ ማጉረምረም ያበዛው ፊሸር እንኳ የተጋጣሚውን ጨዋነት ለባልደረቦቹ በአድናቆት እንደተናገረ ተጽፏል።

ነጥቡ ሦስት ተኩል ለሁለት ተኩል ሆነ። ፊሸር ለመጀመሪያ ጊዜ መራ፤ መሪነቱንም እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። ግጥሚያው በሴፕቴምበር 1 ቀን ሲያበቃ ውጤቱ 12 ተኩል ለ8 ተኩል ነበር። ከስድስተኛው ጨዋታ በኋላ ፊሸር በሲ4 ሦስት ጊዜ ከፈተ፤ ሌላ ጊዜም ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመለሰ። የስፓስኪ ረዳቶች ከእንግዲህ ለአንድ ሳይሆን ለሁለት ሰው ያህል መዘጋጀት ነበረባቸው። ስፓስኪ በዚያ ግጥሚያ ወደ ታርታኮወር መከላከያ አልተመለሰም።

ለፊሸር ጳጳስ መልስ ግን ነበረ። በቀጣዩ ዓመት በ1973 በሆላንድ ሒልፈርሱም ከተማ በተደረገ ውድድር ወጣቱ የሆላንድ ተጫዋች ያን ቲማን ከየፊም ጌለር ጋር ተቀምጦ የሬይክያቪክን ጨዋታ ርምጃ በርምጃ ደገመው፤ ጳጳሱም በአሥራ አራተኛው ርምጃ ቢ5 ላይ ተቀመጠ። ስፓስኪ በዚያ ሰዓት የዳርቻ ወታደሩን ገፍቶ ነበር። ጌለር ንግሥቱን አንሥቶ ቢ7 ላይ አኖራት። ከታሰረችበት ሰያፍ መንገድ በአንድ ርምጃ ወጣች፤ ጳጳሱንም አስጨነቀች። ጌለር አንድ ወታደር ሰጠ፤ በምትኩ የነጭን ንጉሥ በመሐል ሰሌዳ ያለ መጠለያ አስቀረውና አሸነፈ። ርምጃዋ ዛሬ በየመክፈቻ መጽሐፉ ውስጥ በስሙ ተመዝግባ ትገኛለች፤ ፊሸር ግን በዚያ ጊዜ ዘውዱን ይዞ ከውድድር ርቆ ነበር።